ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን

ኩም ኤረን ሲዘንብ ሰው ሰዓት አይጠይቅም፤
ጠዋትና ማታው በመልክ አይለይም።
ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ አጥሩ ጥቁር ድንጋይ፣
ስም ሲጻፍም ያው ነው፣ በመቃብሩ ላይ።
ከዳቦ ቤቱ ጎን ያ ባለ ሰገነት፣
ሦስት የነሐስ ቁልፍ በሩ ላይ ያለበት፣
የወንድማማቾች ማኅበር ቤት ነው፤
እኛ ልጆች ሳለን በሩጫ ነበር የምናልፈው።
«ፍየል ያርዳሉ፤ ዓይን አስረው ያስምላሉ፤
ምስጢር ያወጣ ሰው ምላሱን ያጣል» ይላሉ።
አባቴ ሐሙስ ማታ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣
ከጥፍሩ ሥር ያለውን ትቢያ በሰንጢ ጨርሶ፣
ይወጣል። እናቴ፣ «እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ትላለች፤
«ሒሳብ» ይላታል። በሩን ትዘጋለች።

ያ ሒሳብ ዛሬ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤
ሠላሳ አንድ መዝገብ፣ አይጥ ጥጉን የበላው።

«ለግዊሊም ፕሮዘሮ መበለት፣ ሰባት ሽልንግ፤ ከሰል፣ ግማሽ ጋሪ።
ለወንድም ማዶክ፣ እግሩ ለተሰበረው፣ የስድስት ሳምንት ቀለብ።
አልቀበልም ብሏል፤ ለሚስቱ በጓሮ በር ይሰጥ።
ወንድም ኢድዋል ሰክሮ በመምጣቱ፣ ቅጣት ሁለት ፔኒ።
ለዚያው ለኢድዋል ልጅ ማስታመሚያ፣ አራት ሽልንግ።»

እየሳቅኩ ሳነብ ሁለት ገጽ ተጣብቆ እምቢ አለኝ ሲገለጥ፤
በቢላ ለየሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳይቆረጥ።

ሣጥኑ የኦክ እንጨት፤ ቁልፉ ሦስት፣ ያዡ ሦስት፤
አንድ ሰው እንዳይሰርቅ፣ ሁለት እንዳይዶልት።
ስለ ፍቅር ሲወራ ይህን ማን ያነሣል?
በጥርጣሬ ነው የጀመሩት፤ በጥርጣሬም ደግ ይሠራል።

የላይኛው ዋሻ የተናደ ሌሊት፣ ኅዳር መጨረሻ፣
ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ቀሩ ከዚያ ዋሻ፣
ከዐሥራ ሁለት ሰው ጋር፤ ቁልፉ በአንገታቸው፣
በሰም ክር ታስሮ፣ ከሸሚዛቸው ሥር፣ ደረታቸው።
ሦስተኛው ጫማ ሰፊ ነው፤ ኤምሪስ ይባላል።
ከደጁ ሴቶቹ ቆመዋል፤ ገና ማንም አላለቀሰም፤ ፋኖስ ብቻ ይወዛወዛል።
ሳንቃ ሊገዛ ነው፤ ልጆች ቁርስ ሊሉ ነው፤
ደንቡን አወጣና በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበው፦
«ሦስቱ ቁልፍ በአንድነት።»
ከደነው።
ወደ ጓዳ ገብቶ መጥረቢያ ይዞ መጣ።

ሦስት ጊዜ መታ።

በማግስቱ መዝገብ ላይ፣ በራሱ ጽሕፈት፣ በተንጋደደው፦
«እኔ ኤምሪስ ደንብ ሰብሬአለሁ። ቅጣቴ ይወሰን።»
ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፦
«ሁለት ፔኒ።»

ሣጥኑን አላደሱትም። ስንጥቁ እንዳለ አለ፤
የሕፃን እጅ ይገባል፤ ማንም አልከለከለ።
«አንድ ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም» ልል ነበር፣ እውነት ቢሆን፤
ጎድሏል። ሦስት ፓውንድ። በረዶ በበዛበት ክረምት። ማን እንደወሰደው ቢያውቁም ስሙን
አልጻፉትም። በጸደይ ተመልሶ ተገኘ፤
ከላዩ ስድስት እንቁላል፣ በፎጣ እንደታሰረ።

ካባው ከተዘጋ ቆየ። ወንድሞች አራት ቀሩ፤
ሁለቱ አይሰሙም፤ አንዱ ሐሙስን ረስቶ ማክሰኞ ይመጣል፣ ብቻውን ቆሞ ይቆረቁራል በሩን።
እኔን ሊያስገቡ ሲመርጡ ኳስ ጣሉ፣ ነጭና ጥቁር፤
አንዲት ጥቁር ነበረች። ደንቡ «አንዷ ትበቃለች» ይላል፤
ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አወለቀና፣
«አልታየኝም» አለ።
የማን እንደሆነች ዐውቃለሁ።
ማክሰኞና ዓርብ ኩላሊቱን ሊታጠብ በመኪናዬ አደርሰዋለሁ፤
ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ምድር ቤቱ ውስጥ ክራንች አለን፣ ዘጠኝ ተሽከርካሪ ወንበር፣
የሚታጠፍ አልጋ፤ በነጻ እናውሳለን፣ ፊርማ ብቻ ነው።
ትናንት አንድ ልጅ መጣ፣ ለአያቱ ክራንች ሊወስድ፤
ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞራል።
«እውነት እዚህ ፍየል ታርዳላችሁ?» አለኝ።
«ሒሳብ ነው የምንሠራው» አልኩት። አላመነኝም።
ፈረመ፣ ሄደ።
የግራው ክራንች ጎማ ማለቁ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።
ዝናቡ ካባራ አዲስ ጎማ ይዤ ልውጣ፤
ባያባራም፤ ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ ነው።