የመውጫ በር

የኔ ባልሆነ ቤት በረንዳው ላይ ቆሜ፣
የኔ ባልሆነ ገንዘብ ልገዛ ፈርሜ።
ሚስስ ሎሬይን ዱዴክ እስክሪብቶ አቀበለች፣
«ቶሎ ነው፣ አይደለም?» አንዴ ብቻ አለች።
«ሃያ አንድ ቀን» አልኳት። እጄም አልከዳኝም፤
ቴረል ጊብስ ነኝ እኔ፣ ፍርሃት አያውቀኝም።

ቀብዱ መቶ ዶላር፣ የአንድ ጫማ ዋጋ፣
ቤቱ አርባ አንድ ሺህ፣ ጣሪያው የተወጋ፣
ማሞቂያው አርጅቶ፣ ምድር ቤቱ ረጥቦ፣
ገዢ ግን ይመጣል ስምንት ሺህ ደርቦ።
ቤቱን ሳልገዛው ውሉን እሸጣለሁ፣
ከመሐል ላይ ቆሜ ድርሻዬን እቆርጣለሁ።

ይህ ነበር ስሌቱ።
ገዢ ብቻ የለም።

በሆቴል አዳራሽ ቅዳሜ ያስተማረን ሰው
ክራቫቱን አላልቶ እንዲህ ነበር ያለው፦
«ቀብድህ ትንሽ ይሁን፣ ገደልህም አጭር፤
ሰባተኛው አንቀጽ ስለ ምርመራ ይናገር።
ገዢ ከጠፋብህ፣ ጣሪያው አስከፋኝ በል፣ ውልቅ ብለህ ውጣ፤
መግቢያውን ተውና መውጫውን አምጣ።»

ስልኬን አገላበጥኩ።
ራሙስ የሚሉት፣ አሥራ አንድ ቤት ያለው፣
«ያ ሰፈር? ወንዙ ዳር? አይ፣ እሱን ተወው።»
ከዴይተን የመጡት ወንድማማቾችም
«ወለዱ ይውረድ» አሉ፤ መልሰው አልደወሉም።
አንዲት የጥርስ ሐኪም ፎቶውን አየችና
«ደስ የሚል መስኮት» አለች፤ ጠፋች እንደገና።
ላሜ በሰማይ ነች፤ ወተቷ ግን አልቋል፤
ሳትታለብ ገና ለኪራይ ተከፍሏል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሜትር ይዤ ሄድኩ፤
ግድግዳ የምለካ መስዬ ቆየሁ።
ኮሪደሩ ሙሉ ካርቶን ተደርድሯል፣
«ሳሎን»፣ «ጓዳ»፣ «የስታን» ተብሎ ተጽፏል።
ስታን ባሏ ነበር፣ መስታወት ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰ፤
የሟች ኮቱ ሳይቀር በኔ ፊርማ አምኖ ለጉዞ ገሠገሠ።
«ኢሪ ያለች እህቴ አልጋ አንጥፋልኛለች፣
ከበረዶው በፊት ነይ ብላኛለች» አለች።

ለኔስ አንቀጽ አለኝ፤
መቶ ዶላር ጥዬ ሾልኬ ስወጣ፣
እሷ በየት በኩል ከዚህ ሁሉ ካርቶን መሐል ትወጣ?

አሥራ ዘጠነኛው ቀን። ዝናብ። ኮፍያዬን አወለቅኩ።
«ገዢ የለኝም» አልኩ።
«የዛን ዕለትም አልነበረኝም» አልኩ።
አልከዳኝም ያልኩት እጅ ያኔ ተንቀጠቀጠ።

ዝም አለች። አንዱን ካርቶን በእግሯ ገፋችው፤
እንደ ቅጠል ተንሸራተተ።
ባዶ።
ሌላውን። ባዶ።
የስታንም ባዶ።

«ካንተ በፊት ሦስቱ፣ እንዳንተው ለባብሰው፣
ወረቀት ይዘው መጡ፣ ሰባተኛ አንቀጽ ያለው።
ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ከፍቻለሁ፤
ቼክ ሳላይ ማንኪያዬን መቼ አነሣለሁ?
እነሱ ካርቶኑን አይተው ወጡ፤ ስልክም አልደወሉም።
አንተ መጣህ። ደግ።
ቤት ግን በመምጣት አይገዛም።»

መቶ ዶላሬን አልመለሰችልኝም።
ዝናቡን እንድከልል አንድ ካርቶን ሰጠችኝ፤
ራሴ ላይ ደፍቼው እስከ መኪናዬ ሮጥኩ፣
«ሳሎን» የሚለው ጽሑፍ ግንባሬ ላይ ሆኖ።

ማታ ለጥርስ ሐኪሟ ደወልኩ።
የሚሸጥ ቤት አለኝ አላልኳትም።
«ምን ዓይነት መስኮት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት፣
እስክሪብቶ ይዤ፣
ረጅም ሰዓት አወራች።