በረዶ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት

ሳስካቱን። ጥር ወር። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ከጎማ መሸጫው ፎቅ ላይ ነው የሚገኝ
ቢሯችን፤ ማሞቂያው ያስላል፣ ያንኮራፋል፣
ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ ጭስ ይተፋል።
አለቃዬ ማታ በስልክ የላከው
አንድ መልእክት አለ፦ «ሳይነጋ አስገባው።»

የሚገባው ፋይል ነው፤ አዲሱ ቅንብር፦
በጨዋታው ዓለም የገበሬው ምድር
በስንት ቀን ዘንቦ፣ በስንት እንደሚያባራ፣
ስንዴው በስንተኛው ሌሊት እንደሚያፈራ፣
ትራክተሩ ስንቴ አርሶ እንደሚሰበር፣
ሁሉም ቁጥር ነው፤ ቁጥር፣ ከቁጥር ጎን ቁጥር።
ሦስት መቶ ሺህ ሰው፣ ልጅም ጡረተኛም፣
ያርሳል፤ ሕጉን ግን አይቶት አያውቅም።

የድሮው ፋይል ላይ የበረዶው ዕድል
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት ነው የሚል፤
አዲሱ ላይ ስደርስ አንዷ ዜሮ የለችም።
ስህተት ነው አልኩና ደወልኩ። አልተኛም።
«ሆን ብዬ ነው» አለ፤ «በረዶው ካየለ
ጣሪያ የማይገዛ ገበሬ የት አለ?»
አንዱ ጣሪያ ዋጋው ሁለት ዶላር ነው።

የድሮውን የጻፈችው ዳርላ ፔትሪሽን ናት፤
በጥቅምት ለቃለች፤ ኬክ እንኳ አልቆረስንላት።
ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልቋል ቀርታለች፣
እኔ ነኝ የማጠጣት፤ ስረሳት ይሻላታል መሰለኝ።
ከቁጥሩ አጠገብ፣ ማሽኑ ዘሎት በሚያልፈው፣
ሰው ብቻ በሚያነበው፣
እንዲህ የሚል ትታለች፦

«ይህ ቁጥር የአባቴ ነው።
ከሮስተርን በስተሰሜን ሠላሳ ዓመት አርሶ
በረዶ የመታበትን ቀን በእርሳስ እየጻፈ
ካስቀመጠው ደብተር ነው የቀዳሁት።
እባካችሁ አትጨምሩበት።
እሱም በምሬቱ ቀን አልጨመረበትም።»

ጥቁሩ መስኮት ላይ ጠቋሚው ብልጭ ይላል፣
ትዕዛዝ እስክሰጠው ቆሞ ይጠብቃል።
«አስገባ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከየት፣ ወደ የቱ፣
የፋይሉ አድራሻ፣ የሰርቨሩ ቤቱ፤
ጣቴ ግን ፈራና ጫፉ ላይ አከለ፦
«ለሙከራ ብቻ።» ደመናው እንዲህ አለ፦
«አርባ አንድ ይለወጣል። አንድ ይሰረዛል።»

ማስገባት ሲባል መጨመር ይመስላል።
የሚገባው ግን የነበረውን ገፍቶ ነው የሚገባው፤
አዲሱ ፋይል ላይ ስሙ ያልሰፈረ
ጥሩምባ ሳይነፋ ይሄዳል፣ እንዳልነበረ።

የምትሰረዘዋን ፈለግኳት፣ አገኘኋት፦
«ውሻው በር ላይ ይጠብቃል፦ እውነት።»

ያም የዳርላ ነው። ተጫዋቹ ዘግቶ
ለወር፣ ለሁለት ወር፣ እርሻውን ረስቶ
አንድ ቀን ቢመለስ፣ ውሻው እደጁ ነው፤
ጅራቱን ሲቆላ ያገኘዋል እዚያው።
ማንም አላዘዛትም። ዶላር አያመጣም።
ማን እንደጣለው አላውቅም፤ ምናልባት ማንም።

በረዶውን ተውኩት።
(ደሞዜ ከዚያ ነው፤ ጀግና ነኝ አልልም።)
ውሻውን ግን በእጄ መልሼ ጻፍኩት፣
ኮማዋን ሁለቴ አየሁ፣
«ለሙከራ» የሚለውን ሰርዤ ተጫንኩ።

በሦስት ሰከንድ ውስጥ «ተሳክቷል» አለ።
የዳርላ አባት ሠላሳ ዓመት አንጋጦ
አንድ ቀን ያልታዘዘው ደመና
ለእኔ በአንድ መስመር ታዘዘ።
አሁን የሆነ ቤት አንድ ልጅ ማልዶ ነቅቶ
ስንዴው መሬት ላይ ተነጥፎ ያያል፣
እናቱን ሁለት ዶላር ይጠይቃል።
ውሻው ግን አለ።

ወደ ታች ወረድኩ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ለምልክት እንኳ ደመና የለበትም።
ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዬ አንዴ አስላ ዝም አለች።
ለካ ማታ ስመጣ
የሞተር ማሞቂያዋን ገመድ
ከግድግዳው ሶኬት ሳልሰካው ገብቻለሁ።

ገመዱ ከፊቷ ተንጠልጥሏል፣
እንደ ውሻ ምላስ።
ስትጠብቀኝ አድራለች።