በሩ ክፍት ነበር

በሰሜን ባሕር ዳር፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
ሮስቪታ ትውል ነበር፣ በልደት መዝገብ ቤት።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ወንበሩም ለመዳት፤
ጣቷ መንገድ ያውቃል፣ ዓይኗም ሳይመራት።

አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ምክር ቤት ወሰነ፤
የከተማው ኮምፒውተር፣ ነጻ የወጣ ሆነ።
«ኪራይ ቀረ» አሉ፣ «ሎሌነትም ቀረ፣
ምንጩ ለሁሉም ሰው፣ ተከፍቶ አደረ፤
ያሻው ያነበዋል፣ ያሻው ያቃናዋል።»
ኬክ ተቆረሰ። እሷም አጨበጨበች። ነጻነት ማን ይጠላል?

ማክሰኞ አንድ አባት፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፣
ሌሊት ሴት ልጅ ወልዶ፣ እንቅልፉን ያጣ።
ስም ጻፈች፣ ቀን ጻፈች፤ ማተም ብቻ ሲቀራት፣
ጣቷ የለመደው ቦታ፣ ባዶ ሆኖ ጠበቃት።
በላይ ብትል የለም፣ በታች ብትል የለም፤
አባትየው ቆሟል፤ አይሄድ፣ አይቀመጥም።
ኋላ ስትደርስበት፣ ከሦስት እልፍኝ ጓዳ፣
«የውጤት ወረፋ» ተብሎ፣ ተቀምጧል እንደ እንግዳ።

ነጻነቱ ግሩም፣ ምንጩም ንጹሕ ነው፤
ግን እባካችሁ፣ ማተሚያው የት ነው?

ወደ ላይ ደወለች። «መመሪያው አለልሽ፤
አራት መቶ ገጽ ነው፤ ጥፋቱ ከእጅሽ።»

አመፅ አልነበረም፤ አልተሰማም ሁካታ፤
ሰው በዝምታ ይደክማል፣ ሳያቀርብ አቤቱታ።
የግብር ክፍሉ ዴትሌፍ፣ ሰልችቶት ሲነሳ፣
አሮጌ ላፕቶፑን፣ አመጣ በቦርሳ፤
ባልደረባው አየች። በነጋው እሷም ደገመች።
በአራተኛው ዓመት፣ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ።
በሩ ወለል ብሎ፣ ተከፍቶ ነበረ፤
ከተማው ግን ዞሮ
በመስኮት ገባ።

አንዲት ማሽን ቀረች፣ የሮስቪታ ብቻ።
ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ዓመት
ሃውከ የሚባል ወጣት፣ ገመድ ሊቀይር መጣና፣
ወንበር ስቦ ከኋላዋ፣ እስከ ምሳ ተቀመጠ።
አላስተማራትም። አልተቆጣትም።
ስንት ሺህ መስመር ኮድ፣ ያነበበ ልጅ፣
ያን ቀን አነበበ፣ የአንዲት ሴት እጅ።
ጣቷ በለመደበት፣ ሦስቴ ባዶ በነካበት፣
ቁልፏን አምጥቶ ተከላት፤
በሰፈራቸው ቋንቋ፣ «አትም» ብሎ ጻፈባት።

ባለፈው ጸደይ፣ ጡረታዋ ደረሰ።
ተተኪው ልጅ ማሽኗን እያየ፣
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ስሙ ማን ይባላል?»
የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች፣ ትከሻዋን ነቅንቃ፣
«ስሙን እንጃ፤
ያትማል።»