የበቆሎ ፍሬ ሒሳብ

ቅዳሜ ነው፣ ገበያ፤ ታሎዋ ከተማ
የጥጥ መዳመጫው ፉጨት ከሩቅ ሲሰማ፣
ጋሪው ሁሉ ቆሟል ጭቃ ላይ ተደርድሮ፣
በቅሎው ጆሮ ጥሎ፣ ባለቤቱ አቀርቅሮ።
ብናኙ እንደ አመዳይ ጣራ ላይ ይረጋል፣
ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ጉሮሮ ይፈልጋል፤
በዚያ ቀን ሕፃኑም ሽበት ያበቅላል።

እኔ የፕሩዊት ሱቅ ጸሐፊ ነበርኩኝ፣
በአሥራ ስድስት ዓመቴ ብዕር የጨበጥኩኝ።
ሳርዲን በጣሳ፣ ላምባ በበርሜል፣ ሱረት፣
የበቅሎ ልጓም፣ ሚስማር፣ ባለ ጥብጣብ ኮፍያ ለሴት፤
ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሬሳ ሣጥን፣ ሦስት፦
ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።
ሁሉም በዱቤ።

"ጻፍ" ይለኛል ሚስተር ፕሩዊት፤ እጽፋለሁ።
የአሥር ሳንቲሙን ዕቃ አሥራ ሦስት አደርጋለሁ፤
ሦስቱ "የመጠበቂያ" ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤
የሰው ዓመት በአንድ ገጽ ሲያልቅ አየሁ፣ አልደነገጥሁም።

ኦዜላ ታግል መጣች፣ ባሏ ሆሲያ ከኋላ፣
የእኩል አራሾች ናቸው፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ቆላ።
አምስት እስር ጥጥ አግብተዋል ዘንድሮ፤
ትሉ ገና ወሬ ነው፣ አልመጣም ወንዝ ተሻግሮ።

ሚስተር ፕሩዊት መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገለጠ፤
"ሆሲያ፣ ጥሩ ዓመት ነበር፤ ለጥቂት ነው ያመለጠ፤
ሰባት ዶላር ከአርባ ቀርቶብሃል፣ ለከርሞ ይሸጋገራል።"
"አዎ ጌታዬ" አለ ሆሲያ። ማን ይከራከራል?

ኦዜላ ግን ከሽርጧ ኪስ ጠርሙስ አወጣች፣
ክዳኑን ፈታ ባንኮኒው ላይ ገለበጠች።
የበቆሎ ፍሬ! ተንከባለለ፣ ተበተነ፣
አንዱ ሚዛኑ ሥር ገባ፣ አንዱ እግሬ ሥር ሆነ።

"ቢጫው ዱቄት ነው" አለች፣ "ቀዩ ላምባና ጨው፣
ነጩ ማዳበሪያ፣ ባቄላው ልብስና ሌላው ነው።
ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የወሰድን ዕለት ማታ
አንድ አንድ እጥላለሁ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ሳላመነታ።"

ምድጃውን ከበው ዳማ የሚጫወቱት ዝም አሉ።
ቆጠርን፦ እኔ ከመዝገቡ፣ እሷ ከፍሬው፤
እስከ መስከረም ድረስ አንድ ለአንድ ልክ ነው።
ከዚያ አንድ መስመር፦ "የልጅ ጫማ። አንድ ጥንድ።"
ፍሬ አልነበረውም።

"መልሼዋለሁ" አለች፣ "ሉሺየስ ሳያደርገው፤
ክሩ እንኳ አልተፈታም። ሣጥኑን ስወስድ ነው የመለስኩት፣ ያን ዕለት ነው።"
በአገጯ መስኮቱን ጠቆመች፣ ትንሹ ሣጥን የነበረበትን።
ከፍሬዎቹ መሐል አንዲት ጥቁር ባቄላ ለይታ ገፋች፤
"ይቺን አልካድኩም" አለች።

ሚስተር ፕሩዊት እኔን አየ። እኔ የቀለሙን ብልቃጥ።
ጫማውን የተቀበልኩት እኔ፣ ዳግም የሸጥኩትም እኔ፣
ለባቡር ጣቢያው ኃላፊ ልጅ፣ በጥሬ ገንዘብ፤
ዛሬ ጠዋት ሐዲዱ ላይ ሲዘል አይቼዋለሁ በዓይኔ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሏም አፌ ውስጥ ነበረች፣
እንደ ጥሬ በቆሎ ጥርሴ ላይ ጠነከረች።
"መጽሐፉ እንዲህ ይላል" አልኩ።
መጽሐፉ! በገዛ እጄ የሞነጫጨርኩት፣
ቄሱ እሁድ እንደሚያነበው አድርጌ ጠራሁት።

ሆሲያ ክንዷን ያዘ። ከደጅ ያለውን ያውቃል፤
በዚያ አገር ለጥቁር ሰው ልክ መሆንም ያስከስሳል።
እሷ ጎንበስ ብላ ፍሬዎቿን ለቀመች፣
እግሬ ሥር ያለችውንም፤ እግሬን አነሣሁላት፤
በዕድሜዬ ያደረግኩላት ያቺን ብቻ ነበረች።

"ለከርሞ ዘር ይሆናል" አለች፣ ጠርሙሱን ከድና።
ወጡ። አንዱ ዳማ ተጫዋች "ተራህ ነው" አለ እንደገና።

ማታ ሱቁን ስጠርግ ከሚዛኑ ሥር አንዲት ፍሬ አገኘሁ፤
ቀይ ትሁን ቢጫ፣ በላምባው ብርሃን አልለየሁ።
ኪሴ ከተትኳት።
መዝገቡ ላይ አልጻፍኳትም።