የሌለችው ፍሪሲዮን

ከማርቆስ ስንነሣ ሰማዩ ገና ጥቁር፣
ሰባት ኩንታል ማኛ ከኋላ ተጭኖ፣ ገመዱ ሲወጠር፣
አባቴ ከጎኔ፣ ጋቢው እስከ አገጩ፣ ከዘራው በጭኑ፣
ያንቀላፋ መስሎ መንገዱን ይቆጥራል በሁለቱም ዓይኑ።
ግራ እግሩ ግን ሥራ ላይ ነው፤
ባዶውን ምንጣፍ ተጭኖ ይለቃል፣ ተጭኖ ይለቃል፤
ማን ሃይ ይበለው?

«ምን ትረግጣለህ?»
«ፍሪሲዮን ነዋ!» አለኝ ቆጣ ብሎ፤
«ሁለት ፔዳል ብቻ! ሦስተኛዋን ምን በላት?
እግረ ጎዶሎ!»

ቢያድግልኝ ኤንትሬ ይሉት ነበር፣ ከአምበር እስከ ደጀን።
ሃያ ስምንት ዓመት ያን ብረት ሲነዳ፣
የኤንትሬ መሪ በቀኝ በኩል ነበር፤
ስለዚህ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው፣
መሪው ብቻ ነው ከፊቱ የሌለው።
ሞተሩ በግራው፣ ክዳኑ ሥር ሆኖ ዘመኑን ሲጮኽበት፣
ግራ ጆሮውን ይዞበት ሄደ፤
እኔ ደግሞ የተቀመጥኩት በዚያው በሄደው ጆሮ በኩል፣
የምለው ሁሉ በሚወድቅበት።

ሉማሜ ስንደርስ፣ «ጠፋች እንዴ?» አለኝ።
«እየሄድን አይደል!» ብዬ ጮኽኩ።
የትኖራ ላይም ደገመኝ፣ «ጠፋች እንዴ?»
እውነቱን ነው፤ አትሰማም።
ስድስቱንም ማርሽ በራሷ ጊዜ፣ ማንንም ሳታማክር ትቀያይራለች፤
ናፍጣ ቆጥቢ ተብላ የመጣች፣
እንደ አዲስ ሙሽራ ድምፅዋን ውጣ ትውላለች።

ያኔ እጀታዋን ወደ ጎን ሳብኳት፤ «ኤስ» የምትል ፊደል በራች።
«ምንድን ነው እሱ?»
«ስፖርት!»
«ከጤፍ ጋር ምን ስፖርት!» አለና ሳቀ፤
ሳቁን ሳይጨርስ ሞተሯ አጓራች።
ማርሿን ይዛ ቆየች፣ አልለቅም አለች፤
ቆጣሪው ወጣ፣ ወለሉ ተንዘረዘረ፤
አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፣
ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ አኖረ።
«እ!» አለ። «አሁን ሰማኋት።»
ናፍጣው በሁለት ቀን ሰልፍ የተገኘ ነበር።
ይንደድ አልኩ፤ ለአባቴ ጆሮ ገዛሁበት።

ከደጀን ወዲያ መሬቱ ያልቃል።
ባጃጁ፣ አቧራው፣ የሱቁ ቆርቆሮ ባንዴ ከኋላ ይቀራል፤
ከፊት ገደል፣ ከገደሉ ሥር ጉም፣ ከጉሙ ሥር ሌላ ገደል።
ከዘራውን አነሣና ወለሉን አንድ ጊዜ መታ፤
ቀንስ ማለቱ ነው። መቀነሻዋን ነካሁ። ሦስት።
ደግሞ መታ። ሁለት።
ሞተሯ ጥርሷን ነክሳ ጭነቱን በአንገቷ ያዘች፤
እግሬ ፍሬን ላይ ሥራ ፈታ።

አንድ ሲኖ ጥጉን ይዞ ቆሟል፣ ጎማው እንደ ድስት ይጨሳል፤
የተቃጠለ ሸራ ሽታው ኩርባውን አልፎ ይደርሳል።
«በፎሌ ወርዶ ነው፣» አለ አባቴ፣ ሳይፈርድ፣
«በምትወጣበት ማርሽ ነው መውረድ።»

ሾላ ያለባት ኩርባ ላይ ግን
ሦስት ጊዜ መታ፣ በችኮላ። እኔም አንደኛን ጠየቅኳት።
ጢጥ ብላ እምቢ አለች፤ ፍጥነታችን በዝቶባት።
«ምን አለች?» አለኝ ፊቴን አይቶ።
«እምቢ!» አልኩት፣ ጣቴን አወዛውዤ።
ትንሽ ዝም አለ።
«ደግ አደረገች። የእኔ ረዳት እምቢ ማለት አያውቅም ነበር።»
ታኮ ይዞ ይዘል ስለነበረው ልጅ፣ ስለ ይበልጣል፣
እናቴ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤
ታኮዋ ብቻ ናት አሉ የተገኘችው።
ከዚያች ኩርባ እስከ ድልድዩ
ከዘራው አልተነሣም።

ታች ሙቀቱ ተቀበለን። ጋቢውን ጣለ፣ መስኮቱን ከፈተ፣
ወንዙን ሳያየው እንቅልፍ ወሰደው።
እግሩ ግን አልተኛም፤
ዳገቱ ሲጀምር ባዶውን ምንጣፍ ተጫነ።
እኔም እሱን ጠበቅኩ፤
እሱ ሲጫን እኔ ስቀይር፣
እሱ ሲለቅ እኔ ነዳጅ ስሰጥ፣
እንዲያ ሆነን ወጣነው ያን ዳገት፣
አንዲት ማርሽ እንኳ ሳትፋጭ።