ምዕራፍ አምስት

ስምን መልአክ ያወጣል፤ መምህራችን ደምሰው
የጻፈውን ሳንጽፈው በዳስተር ደመሰሰው።

መሐል ሜዳ ነው አገሩ፤ ነፋሱ ከጓሳ ወርዶ
በተሰበረው መስኮት ይገባል፣ ጭጋግ አስከትሎ፣ ማልዶ።
ሰባ ስምንት ነን በክፍሉ፣ አራት አራት በዴስክ፣ ጋቢና ፎጣ ደርበን፣
እጃችን ሲደነዝዝ እስክሪብቶውን በትንፋሽ አሙቀን።
እሱ ግን ደብተር አለው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ቢጫ፤
ከዚያ ይገለብጥልናል፣ ያለ ማብራሪያ፣ ያለ መቋጫ።

ፋናዬ አንድ ቀን እጇን አውጥታ «ለምን?» ብላ ጠየቀች።
«ጻፊ!» አላት።
ጻፈች።
«ለምን» የምትባለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከክፍላችን ጠፋች።

ምዕራፍ አምስት ሲደርስ፣
ዘንግ፣ መዘውር፣ ጉልበት፣
ገጹን አገላበጠና «ፈተና ላይ አይመጣም» አለ፤ «ዝለሉት።»
ዘለልነው። መዝለል ደስ ይላል፣ በተለይ ገደሉን ላላዩት።

በሰኔ መጨረሻ ወደ ደብረ ብርሃን ጫኑን በአውቶቡስ፤
እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ አለቀ፣ ገና ፊዚክስ ላይ ሳንደርስ።

መጣ።
ከአምስተኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ጥያቄ መጣ፤
አንዱ ጣሪያ ሲያይ፣ ሌላው ከኤ እስከ ዲ በጣቱ ዕጣ ሲያወጣ።

ውጤት የተለቀቀ ለት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጣን፤
ሃያ ስድስት ይላል ፊዚክሴ። ከመቶ። ስልኩን አጠፋን፣ አበራን።

አባቴ ሸዋንግዛው ዱላ አላነሣም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር፣
«ለደብተርሽ የሸጥኩት በግ» አለ፣ «ጠጉሩ ለባና ይበቃ ነበር።»

የእኔም ስንፍና አለበት፤ ደብተር ሳልገልጥ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው፤
ግን ባልተዘራ ማሳ ላይ አጫጁን ብቻ ስደቡ ያለ ማነው?

ወፍጮ ቤት ተላክሁ፣ ገብስ ተሸክሜ፣ በማግስቱ፤
ጋሽ ዘርጋው ቀበቶ ያጠብቃል፣ ዱቄት ለብሶ ግንባሩ፣ ደረቱ።
«ትንሹ መዘውር ለምን ከትልቁ ይፈጥናል?» አልኩት ሳላስበው፤
ያቺ የጠፋች ቃል ከዱቄቱ ውስጥ ተነሣች፣ አቧራዋን አራገፈችው።

አልመለሰልኝም። ሞተሩን አጠፋና በጠመኔ ጫረ መዘውሩ ላይ፤
«በእጅሽ አዙሪው» አለኝ፤ «ቁጠሪ፤ እኔን ሳይሆን እሱን እይ።»
ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ አራቴ ዞረ፤
የተዘለለው ምዕራፍ እጄ ላይ ተጀመረ።

ቅዳሜ ፋናዬን ይዤ መጣሁ፣ በግል እንደገና ልንፈተን ተመዝግበን፤
በሌላው ቅዳሜ ስድስት ሆንን።
አስፈጪዎቹ ሴቶች ጮኹብን፦
«እናንተ ልጆች፣ ሞተር አታስቁሙ፣ መሸብን!»

በአራተኛው ቅዳሜ በሩ ጨለመ፤
መምህር ደምሰው ነበር፣ ግማሽ ቁና ገብስ በፌስታል ይዞ ቆመ።
መዘውሩን አየ፣ የጠመኔውን ጭረት አየ፣ እኛን ለማየት ግን ፈራ፤
«የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው» አለ፤ «ፊዚክሱን ያሸከሙኝ ሰው ጠፍቶ ነው ለሥራ።
ደብተሩንም የወረስኩት ለቆ ከሄደ መምህር ነው፤ ምዕራፍ አምስት የለበትም፤
ተቀዷል።»
ዝም አልን።
ለዚህ ምን ይመለሳል? የምናውቀው አልነበረም።

ይቅር አላልኩትም። ሃያ ስድስቴን ማን ይመልስልኛል?
ፋናዬ ግን ጠመኔዋን ሰጠችው። ጎንበስ አለ፤
በእጁ ያዞራል፣ ከንፈሩ ይቆጥራል።
አራት ላይ ቀና አለና «ለምን?» አለ፣ እንደ ልጅ፣ ቀስ ብሎ።

መሽቷል። ጋሽ ዘርጋው ሞተሩን አስነሣ፤
ጥያቄው ወደ ድንጋዩ ገባ፣ ከገብሱ ጋር ተንከባሎ።