ኪዩን

ኦኖሚቺ ወደብ፣ ከዳገቱ ሥር፣
ካንጂሮ ይኖራል፣ ፀጉር ሲያሳምር።
አርባ አራት ዓመት ከፉሳኤ ጋራ
በሦስት ቃል ብቻ ትዳሩን ሲመራ፤
«ምግብ» ይላል ገብቶ፣
«ገላ መታጠቢያ» ካፖርቱን አውልቆ፣
«እንቅልፍ» ይላል ማታ። በቃ፣ ቋንቋው አልቆ።

«አፈቅርሻለሁ»ም አለ በሀገሩ፤
ግን እንደ ውድ ሸክላ ቁም ሳጥን ነው ክብሩ፤
ወርዶ አይጠጣበትም።
ይሰነጠቅ ይሆን? ማን ያውቃል ነገሩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካፊያ እየጣለ፣
ሪኦና መጣች፣ የሠፈሩ ተማሪ፣
የግንባሯ ፀጉር ዓይኗን እየከለለ።
ቆርጦ ሲጨርስላት፣ መስተዋቱን አይታ፣
አውራ ጣት ባመልካች አነባብራ፣ «ኪዩን!»
ሽማግሌው ደንግጦ፣ «ቆረጥኩሽ ወይ? ምኑን?»

«አይ አባባ» አለች፣ «የልብ ድምፅ ነው፤
እንደ እርጥብ ፎጣ፣ ሰው ሲያጣምመው፣
ያማረ ነገር አይቶ ጭምቅ ሲል።
ድው ድው ካለማ ዶኪ ዶኪ ነው፣
እሱ ሌላ ነው፣ ፈተና ላይም ይመጣል።»

(እንዴት ልተርጉመው? ስንጥቅ? እምቅ? ስምጥ?
ይቅር። ኪዩን ይሁን። ፎጣውን አትርሱት።)

ልጅቷ ሄደች። ቃሉ ግን ቀረ።
ወለል ሲጠርግ ለመቀሱ ሞከረ፣
ለድመቷም አላት፤
ጆሮዋን አቆመች፣ አይጥ መስሏት።

ማታ ፉሳኤ ዓሣ ስታገላብጥ፣
እንፋሎት መነጽሯን ጋርዷት፣
«ምግብ» ሊል አፉን ከፈተና «ኪዩን» አላት።

ዞራ በሩን አየች።
የማሽን ዘይት ከመሳቢያ አውጥታ
ማጠፊያውን ቀባች፣ አንዴም፣ ሁለቴም።
«ኪዩን» አለ ደግሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ።
«ምነው? ያምሃል ወይ?»

የደም ግፊት መለኪያውን አመጣች፣
ክንዱን ጠቀለለች፤
ጨርቁ ተነፋ፣ ያዝ፣ ጠበቅ፣ ጭምቅ።
«መቶ ሃምሳ ስምንት። ጨው ቀንስ ብዬህ ነበር።»
«ጨው አይደለም» አለ።
«ታዲያ ምንድን ነው?»
ጣቶቹን እንደ ልጅቷ ሊያነባብር ሞከረ፤
ተሳሳተ፤
ጨው የሚቆነጥር እንጂ
የሚያፈቅር ሰው አልመሰለ።

ፉሳኤ ጣቶቹን አየች፣ ብዙ ቆየች።
ከዚያ ጨርቁን ፈታ የራሷን ክንድ አሰረች፣
ቁልፉን ተጫነች።
ቁጥሩ እስኪቆም ድረስ ሁለቱ ሽበታሞች
ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

«የኔም» አለች ቀስ ብላ፣ «ከጠዋቱ ጨምሯል።»

ዓሣው ግን አሯል።